ቤቱን እንጂ አፈሩን

ባንክ ቤት የሚውል ሰው ሀገሩን በወረቀት በኩል ያያል። ገበሬው ማሳውን፣ ነጋዴው ገበያውን ሲያይ እንደሚውል፣ እኔም ካርታና ውክልና፣ የወራሽነት ማስረጃና የዋስትና ደብዳቤ ሳይ እውላለሁ። ከነዚህ ሁሉ ግን በ2009 ዓ.ም. ልፈርምባት ብዕር ያነሣሁባትን አንዲት የገጽ ተኩል ውል ያህል ያስተማረኝ ወረቀት የለም። የቤት ሽያጭ ውል ነበረች፤ ገዢውም እኔ ነበርኩ።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ለማያውቃት አንባቢ በጥቂቱ ላስተዋውቅ፦ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የጎዛምን ገጠር እንደ መቀነት ዙሪያዋን የከበባት፣ ጥንት መንቆረር ትባል የነበረች ከተማ ናት። በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ተብለው የነገሡት ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ ከተማይቱንም በታቦቱ ስም አስጠሯት። እኔ ከተመረቅሁ ጀምሮ በዚህች ከተማ ተከራይ ነበርኩ። ተከራይነትን የቀመሰ ያውቀዋል፤ ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት ፈቃድ የሚጠየቅበት ኑሮ ነው። በከተማው ክልል ውስጥ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጨረታው ላይ የሚጠራው ቁጥርና የእኔ ደመወዝ ጨርሶ የሚተዋወቁ አልነበሩም። ስለዚህ እንደ ብዙ እኩዮቼ ዐይኔን ከተማው አልቆ ጤፉ ወደሚጀምርበት ዳርቻ ጣልኩ።

አንድ ቅዳሜ ደላላው ይዞኝ ሄደ። ከባጃጅ ወርደን የባሕር ዛፉን ጥግ ጥግ ይዘን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን። ቤቱ ባለ 32 ቅጠል ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው የጭቃ ምርግ፣ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ። ከጓሮው ጥቂት ጌሾ፣ ጎመንና አንድ ያረጀ ወይራ አለ። ባለቤትየዋ በዕድሜ የገፉ ባልቴት ናቸው፤ እኔ «እማማ» ስላቸው እሳቸው «ልጄ» አሉኝና ገና ዋጋ ሳንነጋገር ጠላ ቀዱልን። ደላላው ግን ለጠላው ጊዜ አልነበረውም፤ ከኪሱ ሜትር አውጥቶ መለካት ያዘ። አሥር በሃያ፤ 200 ካሬ። አጥሩ ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ጸጥ ብለው ያዩት ነበር። ያን ጸጥታ በዚያ ቀን አልተረዳሁትም፤ ትርጉሙ የገባኝ ኋላ ታሪኩን ሳነብ ነው።

ውሏን እዚያው፣ የደላላው ጓደኛ በጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቶ ጻፋት። «በመልካም ፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ንብረትነቱ የግሌ የሆነውን ባለ 32 ቅጠል ቆርቆሮ ቤቴን ሸጫለሁ» ትላለች። ስለ 200 ካሬው አንድም ቃል የለም። ዋጋውን ግን በልቤ አሰብኩት፤ ሙያዬ ነውና። ቆርቆሮው፣ ማገሩ፣ ምርጉና የእንጨት በሩ ተደምረው ከተጠየቅሁት ብር አንድ አምስተኛውን አይሞሉም። የቀረው አራት እጅ የምን ዋጋ ነው? ውሏ ዝም ብላለች። ከታች ሁላችንም በቃላችን የምናውቃት መዝጊያ አለች፦ «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው»። ይህችን ሐረግ ያልያዘ ውል በኢትዮጵያ አይቼ አላውቅም። የሚያስቀው ግን 1731 ራሱ የሚናገረው በሕግ አግባብ ስለተቋቋመ ውል መሆኑ ነው፤ ከእርሱ 15 ቁጥር ወደ ኋላ ሄደን 1716ን ብናነብ ጉዳዩ ሕገ ወጥ የሆነ ውል ፈራሽ መሆኑን እናገኘዋለን። የ1952 ዓ.ም. ሕግ አርቃቂዎች ሁለቱን ቁጥሮች ያቀራረቧቸው ለእኔ ብጤው ይመስለኛል።

ብዕሩን አንሥቼ ሳመነታ እማማ የልቤን ያወቁ መሰለኝ። «ልጄ፣ ቤቱን ነው እንጂ አፈሩንማ አልሸጥልህም፤ አፈር ይሸጣል እንዴ?» አሉኝ። ቀጥለውም የጌሾዋን ቅጠል ለበዓል ሲመጡ እንዳልከለክላቸው ለመኑኝ።

ደላላው ሣቀ። እኔ ግን መሣቅ አልቻልኩም፤ ፊደል ያልቆጠሩት ሴት የተናገሩት የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ነበርና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት እንደሆነና እንደማይሸጥ፣ እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ የገነባውን ቋሚ ንብረት የመሸጥ፣ የመለወጥ፣ የማውረስ መብት ይሰጠዋል። ቤቱን እንጂ አፈሩን አይደለም። በነዚህ በሁለቱ ንዑሳን አንቀጾች መካከል ያለችው ቀጭን ክፍተት ናት ዛሬ በየትናንሽ ከተሞቻችን ዳርቻ ሺህ ቤት የቆመባት። በዚያ ሌሊት ተከራይ ክፍሌ ተቀምጬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ግጥም ከተባለ፦

ጣራና ግድግዳው ቢጻፍም በስሜ፣
ከማን መሬት ላይ ነው የምኖረው ቆሜ?

ጥያቄዋ ግን ከእኔ ታሪክ በጣም የቆየች ናት።

ጎጃም የርስት ሀገር ነው። ርስት የሚለውን ቃል ዛሬ ለማንኛውም የመሬት ሀብት እንናገረዋለን፤ የጥንቱ ርስት ግን አንድ ሰው አጥሮ «የኔ» የሚለው ቁራሽ መሬት አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ አቀና ከተባለው አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል ቆጥሮ ከደረሰ፣ «ድርሻዬን» ብሎ መጠየቅ ይችላል። በዳሞት ገበሬዎች መካከል ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው ተመራማሪ አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ አንድ ሰው በብዙ አያቶቹ በኩል በብዙ ቦታ የርስት መብት ሊኖረው ይችላል፤ በእጁ የሚገባው ግን ዘር ቆጥሮ፣ ምስክር አቁሞ፣ ተሟግቶ የረታውን ያህል ነው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ርስትን ለባዳ መሸጥ ማለት የወንድምን፣ የእኅትን፣ ገና ያልተወለደውንም ዘመድ ድርሻ መሸጥ ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት ለጌጥ የተነገረ አይደለም፤ ለገዢ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው። ዛሬ ብትገዛው የልጅ ልጅ መጥቶ ይጠይቅሃል ማለት ነው።

ታዲያ በጥንት ዘመን መሬት አይሸጥም ነበር ማለት ነውን? እንዲያ ብዬ ታሪካችንን ባሳምረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ብራናው ግን አይፈቅድም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደርና በዙሪያዋ ቤትና መሬት ሲሸጥ ሲገዛ ውሉ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌሉ መካከል ላይ፣ የመሬቱ ጉዳይ ዳር ላይ። የሻጩ ስም፣ የገዢው ስም፣ በወቄት ወርቅ የተቆረጠው ዋጋ፣ ዋሱ፣ ከዚያም ምስክሮቹ በየስማቸውና በየማዕረጋቸው ይዘረዘራሉ። ከነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካከማቿቸው መካከል ነበሩ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ ወሰዳቸው። ዛሬ ለንደን፣ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የጎንደር አያቶቻችን ቤት ለማን እንደተሸጠ ለማንበብ ቪዛ፣ ወይም ቢያንስ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ያስፈልገናል ማለት ነው።

እነዚህን ሰነዶች ለዓመታት የመረመረው የታሪክ ሊቅ ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጽሑፍ ሴቶች በሻጭነትም በገዢነትም በብዛት እንደሚታዩባቸው አሳይቷል። ይህን ሳነብ እማማን አሰብኳቸው። እኔን የበለጠ የያዘኝ ግን ሌላ ነው። የባንክ ሠራተኛ ዐይን አንድን ውል ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ማኅተም ነው። በጎንደሮቹ ውሎች ውስጥ የማኅተምን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከሽያጩ ቃል ይልቅ የምስክሮቹ ስም ይረዝማል። የመሬቱ ባለቤትነት ያለው በነዚያ ሰዎች ዐይንና ጆሮ ውስጥ ነበር፤ ብራናው ማስታወሻቸው እንጂ ምትካቸው አልነበረም። የኛ ውል ላይ ሦስት እማኞች ተጽፈዋል፤ ሁለቱ ከከተማ ከደላላው ጋር የመጡ ናቸው። ከአጥሩ ጎረቤቶች አንድም ሰው አልነበረም።

ወደ ሜትሩ ልመለስ። ገመድን ጎጃም ይፈራል። በሸዋና በደቡብ የሀገራችን ክፍል መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ተሸንሽኗል፤ አንዱ ጋሻ በዛሬው ስሌት ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። የተለካ መሬት ተቆጥሮ ይታወቃል፤ የታወቀ መሬት ይሰጣል፣ ይሸጣል፣ ለሹም ይታደላል። የጎጃም ገበሬ ይህን ከሩቅ አይቶ ያውቅ ነበርና መሬቱን ላለማስለካት በ1930ዎቹም በ1940ዎቹም አመፀ። ግብር ጨምሩ ሲባል እንኳ ከብሩ ይልቅ የሚያስፈራው ከብሩ ኋላ የሚመጣው ገመድ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ የዚሁ የጎዛምን ልጅ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡትን ገበሬዎች ታሪክ አስገብተውበታል፤ ጠቡ ጌታው በጫነው አዲስ ግብር ነበር። አብዛኞቻችን ያን መጽሐፍ ለሰብለና ለበዛብህ ስንል እናነበዋለን፤ አጥፍተናል አልልም፤ እኔም ያለቀስኩት ለነሱ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ገማቾቹን አላስገባም ብሎ ጠመንጃ አነሣ። አዋጁ ስለ መሬት ልኬት ሳይሆን ስለ ገቢ ግምት ነበር የሚናገረው፤ ገበሬው ግን ግምቱን የቀላድ መንገድ ጠራጊ አድርጎ አየው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ መንደር ተቃጠለ፣ ሰው አለቀ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የግብሩም ውዝፍ ተማረ። መሬቱ ሳይለካ ቀረ።

እነሆ ከ49 ዓመት በኋላ ገመዱ በደላላ ኪስ ገብቶ መጣ። ዘነዘና የሚያነሣ እንኳ አልነበረም። አጥሩ ላይ ከቆሙት ሽማግሌዎች መካከል በ1960 ጎረምሳ የነበሩ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም።

በመሐሉ ብዙ ሆኗልና አልፈርድባቸውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። አዋጅ ቁጥር 31 መሬት መሸጥን፣ ማስያዝን፣ ማከራየትን ከለከለ። በደቡብ ጭሰኛውን ነጻ ያወጣው ይህ አዋጅ በጎጃም ርስተኛ ጆሮ ሌላ ድምፅ ነበረው፤ ጌታ ሳይኖርብኝ ከምን ነጻ ልወጣ ያለ ብዙ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ። እኛ በሁለቱ አዋጆች መካከል፣ ገጠር ካልሆነ ከተማም ካልሆነ ጠርዝ ላይ ነበር ቤት የምንዋዋለው።

ከዚያም 1989 ዓ.ም. መጣ። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእማማ አፍ ነው የሰማሁት፤ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ያለ ደላላ ብቻዬን ስሄድ። ባለቤታቸው በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበሩ። በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል እንዲህ ያሉ ሰዎች «ቢሮክራት» ተባሉና ይዞታቸው ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ሌላው ገበሬ እስከ አሥራ ሁለት ጥማድ መያዝ ሲፈቀድለት። «ጸሐፊ የሆነው እኮ ፊደል ስላወቀ ነው፤ በፊደሉ ተቀጣ» አሉኝ። ከመሬታቸው የተቆረሰው ለጎረቤት ልጆች ተሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤታቸው በዚያኛው ድንበር በኩል አልፈው አያውቁም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንኳ ዞረው ነበር የሚሄዱት። እስኪሞቱ ድረስ።

ከሣጥናቸው ደብተር አውጥተው አሳዩኝ። የይዞታ ማረጋገጫ ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሏል። የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን፣ ፎቶግራፋቸውም እንዲሁ። ሟቹ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ባሻገር ያለ ነገር የሚያዩ ይመስላሉ። በዚህ ደብተር ላይ እኔ የምገዛው 200 ካሬ ተቆርሶ አይጻፍም፤ ሊጻፍም አይችልም። እኔ ብፈርም እንኳ ደብተሩ እስከ ዘለዓለሙ መሬቱ ሁሉ የእሳቸው እንደሆነ ይመሰክራል።

«ለምን ይሸጣሉ ታዲያ?» አልኳቸው።

«ከተማው እየመጣ አይደል?» አሉኝ፣ ስለ ክረምት እንደሚናገር ሰው። «እኔ ካልሸጥኩት መንግሥት ይወስደዋል።»

ይህም ያለ ምክንያት የተነገረ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ይሠራ በነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ገበሬው የሚካሰው በየዓመቱ ከማሳው ያገኝ የነበረው አማካይ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ብዜቱ ከፍ ብሏል፤ ነገር ግን የሚባዛው ያው የጤፉና የስንዴው ዋጋ ነው። መሬቱ የከተማ ቦታ ሲሆን የሚያወጣው ዋጋ በስሌቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ በከተማ ጠርዝ ያለ ገበሬ ከሁለት ገዢዎች መካከል ይመርጣል፤ አንደኛው ሕጋዊ ነው፣ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ሕገ ወጥ ነው፣ ይከራከራል። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ። ጋዜጣ «ሕገ ወጥ ሰፋሪ»፣ ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» የሚለን እኛን ነው። በጨረቃ ሌሊት ቆርቆሮ የሚመታው ሰው ሁሉ ሌባ መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ተራው የኔ እስኪሆን ድረስ።

በዚያ ሰሞን የማነበው ሌላ መጽሐፍ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናቱ ስለ ምሥራቅ ጎጃም ሲጽፍ በአንድ ቃል ላይ ያተኩራል፤ ዜጋ። ዛሬ ይህን ቃል ስንሰማ መታወቂያና ፓስፖርት ይታየናል። በጥንቱ የጎጃም ሰነድ ውስጥ ግን ዜጋ ማለት የራሱ ርስት የሌለው፣ በሌላ ሰው መሬት ላይ በባለመሬቱ ሥር ተጠግቶ የሚኖር ሰው ነበር። ቃላት እንዲህ ይገለበጣሉ። ጥገኝነትን ይናገር የነበረው ቃል ዛሬ የመብት ባለቤትነትን ይናገራል። አንብቤ ሳበቃ መጽሐፉን ዘጋሁና ክፍሌን ዙሪያ ገባዋን አየሁ። በከተማ የአከራዬ ዜጋ ነኝ። ያቺን ውል ከፈረምኩ ደግሞ የእማማ ዜጋ እሆናለሁ። በሕግ ፊት ምንም የለኝም፤ ያለኝ የእሳቸው ቃል ነው። እሳቸው ሲሞቱ ደግሞ የልጆቻቸው ቃል። እኔ ደግሞ ልጆቻቸውን አላውቃቸውም።

የምገዛው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ቤቱ ሰበብ ነው፤ መሬቱን ሕግ አይሰጠኝም። ከአራት አምስተኛው ብር የሚገዛው ዝምታ ነበር። የጎረቤት ዝምታ፣ የወራሽ ዝምታ፣ የቀበሌ ዝምታ። የጎንደር ሰው በወርቅ መሬት ሲገዛ አብሮ የሚያገኘው የሚናገርለትን ምስክር ነበር፤ እኛ የምንገዛው የማይናገርብንን ነው። ዝምታ ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ ዕቃ ነው፤ አንዴ ከፍለውት አያበቃም።

አልፈረምኩም። ይህን እንደ ጀብዱ እንዳይቆጥርልኝ አንባቢን እለምናለሁ። ለእማማ አዝኜ፣ ወይም ሕገ መንግሥቱን አክብሬ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። እንዲህ ያለ ውል ይዞ ብድር ሊጠይቅ የመጣን ሰው ስንት ጊዜ በመስኮቴ በኩል «ይህ መያዣ አይሆንም» ብዬ መልሻለሁ። የራሴን መልስ ለራሴ ሰጠሁት እንጂ አዲስ ጥበብ አልመጣልኝም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለብድር እንዲያስይዝ ፈቅዷል፤ መልካም ነው። ለእንደኔ ያለው ገዢ ግን የሚያወራው ነገር የለውም፤ መሬቱ ዛሬም አይሸጥም፣ በጠርዙም ዛሬም ይሸጣል።

ከአንድ ወር በኋላ እማማ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ወደ ቅርንጫፋችን መጡ። ወረፋው እኔ መስኮት ላይ ጣላቸው። መጀመሪያ አላወቁኝም፤ ክራባት አስሬ አይተውኝ አያውቁምና። ኋላ ቀና ብለው አዩኝና «ቤቱን የተውከው ልጅ!» አሉ፣ ቅያሜ በሌለበት ድምፅ። ሌላ ገዢ አግኝተዋል። የምሥራቅ ግድግዳውን አፍርሶ በብሎኬት እየሠራው ነው። ወይራውን ቆርጦታል፤ ጌሾዋን ግን «ለጊዜው» ትቷታል።

ያመጡት ብር ስንት እንደነበር የሙያዬ ሥርዓት አይፈቅድልኝምና አልናገርም። በማሽን ቆጠርኩት፤ ደግሜም በእጄ ቆጠርኩት፤ አስፈላጊ አልነበረም። በስማቸው የቁጠባ ሂሳብ ከፈትኩ። በዚያን ጊዜ ዝቅተኛው ወለድ በዓመት 5 ከመቶ ነበር። አስረዳኋቸው፤ ትንሿ ልጅ ገባት መሰለኝ፣ እሳቸው ግን ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አድርገው የሚጫኑበትን ቦታ ይጠብቁ ነበር። አስፈረምኳቸው። ደብተሩን ስሰጣቸው ከነጠላቸው ሥር ያን የማውቀውን ላስቲክ አወጡና ፈቱት። የይዞታው ደብተር እዚያው አለ። የኔን ደብተር ከላዩ አስቀምጠው ሊጠቀልሉ ጀመሩና ቆም አሉ፤ ሁለቱንም በመስኮቱ በኩል ወደ እኔ መልሰው ገፏቸው።

«ልጄ፣ ብር የሚያወጣው የትኛው ነው?» አሉኝ።

በጣቴ አሳየኋቸው።